ማጅራት ገትርን መረዳትና መከላከል፦ ከክትባት እስከ ማገገም ደረጃ በደረጃ

ጠዋት ጉንፋን መሳይ ሕመም የተሰማውን ጤነኛ ሰው ማታ ራሱን እስከ ማሳት ከሚያደርሱ ጥቂት በሽታዎች አንዱ ማጅራት ገትር ነው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ፣ በባክቴሪያ የሚመጣው ዓይነት ከሚይዛቸው ስድስት ሰዎች አንዱን ይገድላል፤ ከአምስት ሰዎች አንዱን ደግሞ ለከባድ የጤና ጉዳት ይዳርጋል። በሌላ በኩል አብዛኞቹን አደገኛ ዓይነቶች በክትባት መከላከል ይቻላል፤ የታመመ ሰውም ተገቢውን መድኃኒት በፍጥነት ካገኘ ሙሉ በሙሉ የመዳን ዕድል አለው። ይህ መመሪያ በሽታው ሳይመጣ መሠራት ያለበትን፣ ምልክቱ ሲታይ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መደረግ ያለበትንና ከሕክምና በኋላ መዘንጋት የሌለበትን በቅደም ተከተል ያስረዳል። ሰፊውን ቦታ ለምልክቶቹ የሰጠሁት፣ ሕመሙ እንደ ተራ ትኩሳት ተቆጥሮ «እስኪነጋ እንይ» የሚባልባቸው ሰዓታት የሕሙማኑን ዕጣ ስለሚወስኑ ነው።

ደረጃ 1፦ በሽታው ምን እንደሆነና በምን እንደሚመጣ ይወቁ

አንጎልና ኅብለ ሰረሰር በሦስት ሽፋኖች ተጠቅልለዋል፤ በሽፋኖቹ መካከልም ጥርት ያለ ፈሳሽ ይዘዋወራል። ማጅራት ገትር የምንለው እነዚህ ሽፋኖች ሲቆጡና ሲያብጡ ነው። የራስ ቅል አጥንት የማይለጠጥ በመሆኑ እብጠቱ የሚፈጥረው ግፊት መውጫ አያገኝም፤ ከባዱ ራስ ምታት፣ ትውከቱ፣ የእንቅልፍ ስሜቱና የንቃተ ኅሊና መዛባቱ በአብዛኛው የዚህ ግፊት ውጤቶች ናቸው። የአንገት መገተር ደግሞ የሚመጣው አንገት ሲታጠፍ የተቆጡት ሽፋኖች ስለሚወጠሩና ጡንቻዎቹ ይህን ለመከላከል ስለሚኮማተሩ ነው።

መንስኤዎቹ ብዙ ናቸው። በቫይረስ የሚመጣው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ያለ ሲሆን ብዙዎቹ ሕሙማን ያለ ልዩ መድኃኒት ያገግማሉ። አስፈሪው በባክቴሪያ የሚመጣው ነው። ከባክቴሪያዎቹ መካከል ቀዳሚዎቹ ሜኒንጎኮከስ፣ ኒሞኮከስ እና ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ቢ ናቸው፤ የመጨረሻው በአጭሩ ሂብ ይባላል። ገና በተወለዱ ሕፃናት ላይ ደግሞ ቡድን ቢ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ጎልቶ ይታያል። የቲቢ ባክቴሪያም ወደ አንጎል ሽፋን ሊደርስ ይችላል፤ የሰውነት የመከላከል አቅማቸው በኤች አይ ቪ በተዳከመባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ክሪፕቶኮከስ የተባለ ፈንገስ ከባድ ሕመም ያስከትላል። የትኛው ዓይነት እንደሆነ በዓይን አይቶ ቤት ውስጥ መለየት ግን አይቻልም። ስለሆነም ማንኛውም ጥርጣሬ በላቦራቶሪ እስኪጣራ ድረስ በባክቴሪያ እንደመጣ ተቆጥሮ መታየት አለበት።

ስለ መተላለፊያው የሚነገረው ነገር ብዙ ጊዜ የተጋነነ ነው። ሜኒንጎኮከስ በአፍንጫና በጉሮሮ የኋላ ክፍል የሚኖር ሲሆን፣ ከመቶ ሰዎች ከ1 እስከ 10 የሚሆኑት ምንም ሳይታመሙ ተሸክመውት ይዞራሉ። ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው በሳል፣ በማስነጠስና በመሳሳም በሚተላለፍ የአፍና የአፍንጫ ርጭት ነው፤ ለዚህም በአብዛኛው በአንድ ክፍል አብሮ እንደ መተኛት ያለ የቀረበና ረዘም ያለ ንክኪ ያስፈልጋል። ከሰውነት ውጭ ብዙ ስለማይቆይ፣ በሽተኛው በተቀመጠበት ወንበር መቀመጥ ወይም በአጠገቡ ማለፍ ለበሽታው አያጋልጥም። ከተያዘ በኋላ ምልክት እስኪታይ ባብዛኛው አራት ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ከ2 እስከ 10 ቀን ሊደርስም ይችላል።

ይህ ባክቴሪያ ትልልቅ ወረርሽኞችን የሚያስነሳው ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው፣ 26 አገሮችን በሚያካትተውና የማጅራት ገትር ቀበቶ በሚባለው የአፍሪካ ክፍል ነው። በደረቁ ወቅት፣ ማለትም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ፣ አቧራማው ነፋስና የሌሊቱ ብርድ የጉሮሮን ስስ ሽፋን ሲጎዱ፣ የሰው መጨናነቅ ደግሞ መተላለፉን ሲያቀል ወረርሽኙ ይቀሰቀሳል። በ1996 እና በ1997 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በዚህ ቀበቶ ውስጥ ከ250,000 በላይ ሰዎች ታመው 25,000 ያህሉ ሞተዋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 2፦ የክትባት ሁኔታዎን ያጣሩ

ማጅራት ገትርን ለመከላከል ከክትባት የተሻለ መሣሪያ የለም። ይሁን እንጂ አንድ ክትባት ሁሉንም መንስኤዎች አይከላከልም፤ «ተከትቤያለሁ» ከማለት በፊት «የተከተብኩት የትኛውን ለመከላከል ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የልጅዎን የክትባት ካርድ ይመልከቱ። የሂብ ክትባት በአብዛኞቹ አገሮች አምስት በሽታዎችን በአንድ ላይ ከሚከላከለው ክትባት ጋር ተቀናጅቶ ይሰጣል፤ የኒሞኮከስ ክትባትም በሕፃንነት ከሚሰጡት መደበኛ ክትባቶች አንዱ ነው። ሲወለዱ የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት ትንንሽ ልጆችን በቲቢ ከሚመጣው ከባድ ማጅራት ገትር ይጠብቃል። የኩፍኝና የጆሮ ደግፍ ክትባቶችም እነዚህ ቫይረሶች ወደ አንጎል እንዳይዘልቁ ይከላከላሉ። በካርዱ ላይ ያልተሞላ ቦታ ካለ ጊዜው አልፏል ብለው አይተዉት፤ የጤና ባለሙያው የቀረውን ለማሟላት አዲስ መርሐ ግብር ሊያወጣልዎ ይችላል።

በመቀጠል የሜኒንጎኮከስ ክትባትን ይመርምሩ። አብዛኛውን በሽታ የሚያስከትሉት የዚህ ባክቴሪያ ቡድኖች ስድስት ሲሆኑ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ደብልዩ፣ ኤክስ እና ዋይ ይባላሉ። በታኅሣሥ 2010 ቡርኪና ፋሶ ውስጥ መሰጠት የጀመረው የቡድን ኤ ክትባት በማጅራት ገትር ቀበቶ ያስገኘው ውጤት በሕዝብ ጤና ታሪክ ውስጥ ከሚያስደስቱ ምዕራፎች አንዱ ነው፤ አብዛኞቹን ወረርሽኞች ያስነሳ የነበረው ይህ ቡድን ከአካባቢው ሊጠፋ ተቃርቧል። ቦታውን ግን ሲ፣ ደብልዩ እና ኤክስ ያዙት። ስለዚህም ኤን፣ ሲን፣ ዋይን፣ ደብልዩን እና ኤክስን በአንድነት የሚከላከል አዲስ ክትባት ተዘጋጅቶ በ2023 የዓለም ጤና ድርጅትን ዕውቅና አገኘ፤ በ2024 ናይጄሪያ በሥራ ላይ በማዋል ቀዳሚ ሆነች። ቡድን ቢን የሚከላከለው ክትባት አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው የሚሰጥ ነው። የትኛው ክትባት ለእርስዎ እንደሚያስፈልግ የሚወሰነው በዕድሜዎ፣ በሚኖሩበት ወይም በሚሄዱበት አካባቢ በሚዘዋወረው ቡድንና በጤናዎ ሁኔታ ነው።

ከሌላው ሰው ይበልጥ ክትባት የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ። ጣፊያቸው በቀዶ ሕክምና የወጣ ወይም በማጭድ መሰል የደም ሕዋስ ሕመም ምክንያት የማይሠራ፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ፣ ኮምፕሊመንት የተባሉት የደም ፕሮቲኖች የሚጎድሏቸው፣ የመስማት መሣሪያ በውስጠኛው ጆሯቸው የተተከለላቸው፣ በአደጋ ምክንያት የራስ ቅላቸው ተሰንጥቆ የአንጎል ፈሳሽ በአፍንጫ ወይም በጆሮ የፈሰሰባቸው፣ ከባክቴሪያው ጋር የሚሠሩ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም በዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤትና በወታደራዊ ካምፕ ተጨናንቀው የሚኖሩ ወጣቶች ስለ ክትባቱ ሐኪም ማማከር ይገባቸዋል። ወደ መካ ለሐጅ ወይም ለዑምራ የሚጓዙ ሰዎችም ኤን፣ ሲን፣ ዋይን እና ደብልዩን የሚከላከለውን ክትባት ከመድረሳቸው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብለው እንዲወስዱ ይጠየቃሉ። ሰውነት መከላከያውን ለመገንባት ቀናት ስለሚያስፈልጉት የዋዜማ ክትባት በቂ ጥበቃ አይሰጥም።

ከክትባት በኋላ የተወጋው ቦታ መቅላትና ማመም ወይም ቀላል ትኩሳት የተለመደ ነው፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይጠፋል።

ደረጃ 3፦ ክትባት የማይሸፍነውን ክፍተት ይዝጉ

እጅን መታጠብ፣ ሲያስሉ አፍን መሸፈን፣ መኝታ ቤትን ማናፈስና ልጆችን ከሲጋራ ጭስ ማራቅ ሁሉም የሚያውቃቸው ጥንቃቄዎች ናቸው፤ ይጠቅማሉ፣ ነገር ግን የክትባትን ቦታ አይተኩም። እምብዛም የማይነገርላቸው ሁለት ጉዳዮች የበለጠ ትኩረት ይሻሉ።

የመጀመሪያው እርግዝና ነው። ቡድን ቢ ስትሬፕቶኮከስ በጤናማ እናት የመራቢያ አካል ውስጥ ያለ ምንም ምልክት ሊኖርና በወሊድ ጊዜ ወደ ሕፃኑ ሊተላለፍ ይችላል። ምርመራው በሚሰጥባቸው ቦታዎች ነፍሰ ጡሯ በእርግዝናዋ መጨረሻ ሳምንታት ትመረመራለች፤ ባክቴሪያው ከተገኘባት ምጥ ላይ ሳለች በደም ሥር የሚሰጣት ፔኒሲሊን ሕፃኑን ይጠብቃል። ምርመራው ባይኖርም እንኳ፣ የሽርት ውኃ ፈስሶ ረጅም ሰዓት ከቆየ ወይም ምጥ ላይ ትኩሳት ከመጣ ሳይዘገዩ ለአዋላጇ መንገር ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡሮች ሊስቴሪያ ከተባለው ባክቴሪያ ለመጠበቅም ያልተፈላ ወይም ያልተፓስቸራይዘ ወተትና ከእርሱ የተሠራ አይብ ባይመገቡ ይመረጣል።

ሁለተኛው ኤች አይ ቪ ነው። ምርመራ አድርጎ ውጤትን ማወቅና የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትን ሳያቋርጡ መውሰድ በክሪፕቶኮከስና በቲቢ ከሚመጣው ማጅራት ገትር የሚጠብቅ ዋነኛ መንገድ ነው። ሲዲ4 የተባሉት በሽታ ተከላካይ የደም ሕዋሳት መጠናቸው ከ200 በታች የወረደ ሰዎች ሕመም ባይሰማቸውም የክሪፕቶኮከስ የደም ምርመራ እንዲደረግላቸው ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ ፈንገሱ በደም ውስጥ ቀድሞ ከተገኘ ወደ አንጎል ሳይደርስ ፍሉኮናዞል በተባለ የፈንገስ መድኃኒት መግታት ይቻላል።

ደረጃ 4፦ ምልክቶቹን በቃል እስኪይዙ ይወቁ

በአዋቂዎችና በታዳጊዎች ላይ የታወቁት ምልክቶች ድንገተኛ ትኩሳት፣ ከዚህ በፊት ካጋጠመው የተለየ ብርቱ ራስ ምታት፣ አገጭን ወደ ደረት ለማስጠጋት የሚከለክል የአንገት መገተር፣ ትውከት፣ ብርሃን መጥላት፣ ግራ መጋባት፣ ከባድ እንቅልፍና መንቀጥቀጥ ናቸው። እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ እስኪታዩ መጠበቅ አደገኛ ስሕተት ነው፤ ብዙ ሕሙማን ሁሉንም አያሳዩም፤ አንገታቸው ፈጽሞ ያልተገተረም አሉ። ሕመሙ ወደ ደም መመረዝ ሲያመራ ደግሞ ከእነዚህ ቀድመው የሚመጡ ምልክቶች ይኖራሉ፦ ሰውነት እያተኮሰ እጅና እግር ይቀዘቅዛሉ፣ እግር እስከ አለመራመድ ያማል፣ የቆዳ መልክ ይገረጣል ወይም ይዥጎረጎራል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል።

ሕፃናት ራሴን አመመኝ ወይም አንገቴ ተገተረ ብለው አይናገሩም፤ ወላጅ ማየት ያለበት ሌላ ነገር ነው። ጡት ወይም ጡጦ እንቢ ማለት፣ ከወትሮው የተለየ ቀጭንና ስለታም ለቅሶ፣ ሲታቀፉ ከመረጋጋት ይልቅ ይበልጥ ማልቀስ፣ ሰውነት መዛል ወይም በተቃራኒው መደንደን፣ ለመንቃት መቸገር፣ እንዲሁም ሕፃኑ ሳያለቅስና ቀና ብሎ ሳለ እርግብግቢቱ አብጦ መወጠሩ አሳሳቢ ምልክቶች ናቸው። ከሦስት ወር በታች ያለ ጨቅላ ትኩሳት ላይኖረው ይችላል፤ እንዲያውም ሰውነቱ ከመጠን በላይ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ልጁን በየቀኑ የምታቅፍ እናት «ይህ ለቅሶ የልጄ ለቅሶ አይደለም» ካለች፣ ባለሙያው ይህን ቃል እንደ አንድ ምልክት ቆጥሮ ሊመረምር ይገባል።

ቆዳ ላይ ቀይ ወይም ሐምራዊ ነጠብጣብ ካዩ ጥርት ያለ የብርጭቆ ጎን በላዩ ላይ ጫን አድርገው ይመልከቱ። ነጠብጣቡ በብርጭቆው ሥር ካልጠፋ ከቆዳ ሥር ደም እየፈሰሰ ነውና የአስቸኳይ ጊዜ ምልክት ነው። በጠቆረ ቆዳ ላይ ይህን መለየት ስለሚከብድ መዳፍን፣ የውስጥ እግርን፣ የዓይን ቆብን የውስጥ ገጽና ላንቃን መመልከት ይረዳል። ሽፍታው ባይኖርም ግን በሽታው የለም ማለት አይደለም፤ ከሜኒንጎኮከስ ውጭ ባሉት ዓይነቶች ብዙ ጊዜ አይታይም፤ በሜኒንጎኮከስም ቢሆን ዘግይቶ ሊወጣ ይችላል።

በቲቢና በክሪፕቶኮከስ የሚመጣው ዓይነት በሌላ መልክ ይገለጣል። ቀስ ብሎ፣ በሳምንታት ውስጥ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ መለስተኛ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስና የጠባይ ለውጥ ሆኖ ስለሚጀምር እንደ ድካም ወይም እንደ ጭንቀት ሊታለፍ ይችላል። ወባ ባለበት አካባቢ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፦ የደም ምርመራ ወባ ቢያሳይም ማጅራት ገትር አብሮ ሊኖር ስለሚችል፣ የወባ መድኃኒት የጀመረ ሰው ንቃቱ እየቀነሰ ወይም አንገቱ እየተገተረ ከሄደ «ወባው ነው» ብሎ መቆየት አይገባም።

ደረጃ 5፦ ከተጠራጠሩ በዚያው ሰዓት ይንቀሳቀሱ

በሽተኛውን የድንገተኛ ሕክምና ወደሚሰጥበት ቅርብ ጤና ተቋም ወዲያውኑ ይውሰዱ፤ ሌሊት ከሆነ እስኪነጋ አይጠብቁ። እንደ ደረሱ «ማጅራት ገትር እንዳይሆን እሠጋለሁ» ብለው በግልጽ ይናገሩ፤ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ከተራ ወረፋ ሊያወጣዎ ይችላል። ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት፣ መንቀጥቀጥ ወይም ሽፍታ ታይቶ እንደሆነ፣ የመድኃኒት አለርጂን፣ እርግዝናን፣ ክትባትንና በቅርቡ አብሮት የታመመ ሰው መኖሩን ለመናገር ይዘጋጁ።

በመንገድ ላይ ራሱን የሳተ ወይም የሚያንቀላፋ ሰው በጎኑ ይተኛ፤ እንዳይታነቅም ምግብ፣ መጠጥ ወይም ክኒን በአፉ አይስጡት። መንቀጥቀጥ ከጀመረው ስለታም ነገሮችን ከአጠገቡ ያርቁ፤ በጥርሱ መካከል ምንም ነገር አያስገቡ። ቤት ውስጥ ከሌላ ሕመም የተረፈ አንቲባዮቲክ መስጠትም ጎጂ ነው፤ መጠኑ በቂ ባለመሆኑ በሽታውን ሳያድን ምልክቱን ያደበዝዛል፣ ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ለማግኘትም ያስቸግራል። በአነስተኛ ጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ ወደ ሆስፒታል ከመላኩ በፊት የመጀመሪያውን መርፌ ልስጥ ካለ ግን ተገቢ እርምጃ ነው።

ተመርምረው «ቀላል ነው» ተብለው ወደ ቤት ከተመለሱና ሕመሙ ከባሰ፣ በዚያው ዕለት እንኳ ቢሆን ተመልሰው ይሂዱ። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምልክቶች ከጉንፋን ስለማይለዩ ጎበዝ ሐኪምም ሊስታቸው ይችላል።

ደረጃ 6፦ የሆስፒታሉን ምርመራ አይፍሩ

ቤተሰብን በጣም የሚያስጨንቀው ከወገብ በታችኛው የጀርባ አጥንት መካከል በመርፌ ፈሳሽ የሚወሰድበት ምርመራ ነው። «ሽባ ያደርጋል» የሚለው ሥጋት ግን መሠረት የለውም፤ ኅብለ ሰረሰር ከወገብ ከፍ ብሎ ስለሚያበቃ መርፌው የሚገባው ከእርሱ በታች ባለ፣ ፈሳሽና የነርቭ ሥሮች ብቻ በሚገኙበት ክፍተት ነው። ከምርመራው በኋላ ለጥቂት ቀናት ራስ ምታት ወይም የጀርባ ሕመም ሊኖር ይችላል። የተወሰደው ፈሳሽ መንስኤው ባክቴሪያ፣ ቫይረስ፣ ቲቢ ወይም ፈንገስ መሆኑን ስለሚያሳይ ምርመራውን መከልከል ሐኪሙ በግምት እንዲያክም ማስገደድ ነው። ምርመራው ቢዘገይም አንቲባዮቲኩ መዘግየት የለበትም።

በባክቴሪያ ለሚመጣው በአብዛኛው የሚመረጠው ሴፍትሪያክሶን የተባለው መርፌ ነው፤ እብጠቱን ለመቀነስና የመስማት ጉዳትን ለመከላከል ዴክሳሜታዞን ከመጀመሪያው መርፌ ጋር ሊሰጥ ይችላል። ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ቢበርድም ሕክምናው በሐኪሙ የተወሰነለትን ቀን መጨረስ አለበት።

ደረጃ 7፦ አብረው የነበሩትን ይጠብቁ

መንስኤው ሜኒንጎኮከስ ከሆነ፣ ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ሰባት ቀናት ከበሽተኛው ጋር በአንድ ቤት የኖሩ፣ በአንድ ክፍል የተኙ ወይም የተሳሳሙ ሰዎች መከላከያ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋቸዋል። መድኃኒቱ አንድ ጊዜ የሚዋጥ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ለሁለት ቀን የሚወሰድ ሪፋምፒሲን ወይም አንድ የሴፍትሪያክሶን መርፌ ሊሆን ይችላል፤ ለነፍሰ ጡር የሚመረጠው መርፌው ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ቢወሰድ ይመረጣል፤ ከ14 ቀን በኋላ ግን ጥቅሙ እጅግ ይቀንሳል። ሪፋምፒሲን ሽንትንና እንባን ብርቱካናማ ስለሚያደርግ አይደንግጡ፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒንን ጨምሮ የሌሎች መድኃኒቶችን ኃይል ስለሚያዳክም ግን የሚወስዱትን ሁሉ ለባለሙያው ይንገሩ።

በአንድ ሕንፃ የሠሩ ወይም በአውቶቡስ አብረው የተሳፈሩ ሰዎች ባብዛኛው መድኃኒት አያስፈልጋቸውም። መንስኤው ቫይረስ ወይም ኒሞኮከስ ከሆነም ለቤተሰብ መከላከያ መስጠት የተለመደ አይደለም። መድኃኒቱን የወሰደም ቢሆን ለአሥር ቀናት ያህል ራሱን ይከታተል፤ ትኩሳት ወይም ራስ ምታት ከተሰማው ወዲያውኑ ይመርመር። በሽተኛው ትክክለኛውን ሕክምና ከጀመረ ከ24 ሰዓት በኋላ በሽታውን ወደ ሌላ ስለማያስተላልፍ፣ ካገገመ በኋላ ማግለል ምክንያት የሌለው ጭካኔ ነው።

ደረጃ 8፦ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ክትትሉን አያቋርጡ

ከማጅራት ገትር ከሚተርፉት ጉዳቶች ቶሎ መፈለግ ያለበት የመስማት ችግር ነው። የመስማት ምርመራ ከመውጣት በፊት ወይም በተከታዮቹ አራት ሳምንታት ውስጥ መደረግ አለበት፤ የውስጠኛው ጆሮ ክፍል በጊዜ ሂደት ወደ አጥንትነት ሊለወጥ ስለሚችል፣ የመስማት መሣሪያ መትከል ካስፈለገ መዘግየት ዕድሉን ያጠባል። ልጁ ሲጠሩት የማይዞረው «እምቢተኛ ስለሆነ» ተብሎ መቀጣቱ ያሳዝናል፤ ላይሰማ ይችላልና።

የሚጥል ሕመም፣ የመርሳት፣ ትኩረት የማጣት፣ ሚዛን የመሳትና የጠባይ ለውጥ ከወራት በኋላም ሊከሰቱ ስለሚችሉ፣ የልጁ መምህራን ስላለፈበት ሕመም ቢያውቁ በትምህርቱ ሲቸገር እንደ ስንፍና አይቆጥሩበትም። አዋቂዎችም ወደ ሙሉ ሥራ ቀስ በቀስ ቢመለሱ ይሻላል፤ ድካሙ ለብዙ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

አንድ ጊዜ መታመም ከሌሎቹ ቡድኖችና ባክቴሪያዎች አይጠብቅም። በመሆኑም ያገገመ ሰው የክትባት ካርዱን ይዞ ተመልሶ መሄድና የጎደሉትን ማሟላት ይኖርበታል፤ ከአንድ ጊዜ በላይ የታመመ ከሆነም ጣፊያው፣ የኮምፕሊመንት ፕሮቲኖቹና የራስ ቅሉ አጥንት እንዲመረመሩለት ሐኪሙን ይጠይቅ።